አስማት ሲቀንስ የሚጨምረው

አንድን የጀብዱ ታሪክ ስትመዝኑ ከሰይፉና ከዘንዶው በፊት አንድ ተራ ጥያቄ ጠይቁ፦ እነዚህ ሰዎች ዛሬ ማታ የሚበሉትን ከየት ያገኛሉ? ጥያቄው የጓዳ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን ስለ ታሪኩ ብዙ ይናገራል። የማያውቁትን ደጅ አንኳኩተው ከሆነ፣ በታሪኩ ውስጥ እንግዳ የሚቀበል ሰው አለ ማለት ነው። ከያዙት ስንቅ ቆንጥረው ከሆነ፣ ስንቁ የሚያልቅበት ቀን ይመጣል። ከመካከላቸው አንዱ ጣቱን አንቀሳቅሶ ማዕዱን ከአየር ካወረደው ግን ገበሬውም፣ ባለቤቲቱም፣ የስንቁ ከረጢትም ከታሪኩ ወጥተዋል።

ይህን ጥያቄ ዛሬ የማቀርበው ለመጽሐፍ ወይም ለፊልም አይደለም፤ ጠረጴዛ ከብበው ለሚጫወቱት የተረት ጨዋታ ነው። ብዙዎቻችሁ «ስትሬንጀር ቲንግስ» በተባለው ተከታታይ ፊልም መጀመሪያ ላይ አራት ልጆች በምድር ቤት ተሰብስበው ሲጫወቱ አይታችኋል። «ባልደርስ ጌት 3» የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ የምታውቁም ትኖራላችሁ። ሁለቱም የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፦ ጌሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ካሳተሙት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ከተባለው ጨዋታ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ባለ ታሪክ ይይዛሉ። ተራኪው የሚታየውን ይናገራል፤ ተጫዋቾቹ ባለ ታሪኮቻቸው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ መሳካቱ የሚያጠራጥረውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። አሸናፊም ተሸናፊም የለም። ልጆች ሳለን «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያልን የሰማነው ተረት፣ አድማጩ በመሃል ገብቶ «እኔ ግን በዚያ በር አልገባም» የማለት መብት ቢኖረው ኖሮ ይህን ይመስል ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የማተኩረው በአንድ ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ተራኪው ሆን ብሎ አስማት ብርቅ የሆነበትን ዓለም በሚመርጥበት ጠረጴዛ ላይ። «አስማት» የሚለውን ቃል ስታነቡ ግንባራችሁን የቋጠራችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። አስቀድመን ግን ጨዋታው ራሱ የሚሠራውን እንይ።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» አምስተኛ እትም ብትከፍቱ ተጫዋች የሚመርጣቸው 12 የሙያ ዓይነቶች ታገኛላችሁ። ከ12ቱ 8ቱ ድግምት ይጠቀማሉ፤ ከቀሩት አራት ውስጥም በኋላ ወደ ድግምት የሚወስድ መንገድ ያላቸው አሉ። እንግዲህ በዚህ ዓለም ድግምት ብርቅ አይደለም፤ መዶሻና መጋዝ ነው።

መዶሻው የሚመታውን ደግሞ ተመልከቱ። ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ ባለ ታሪክ 10 የጫካ ፍሬዎችን በድግምት ማብቀል ይችላል፤ አንዷ ፍሬ አንድን ሰው ለአንድ ቀን ታጠግባለች። ጥቂት ደረጃ ሲያድግ ለ15 ሰዎች የአንድ ቀን ምግብና ውኃ ማውጣት ይችላል። ብርድና ዝናብ የማያስገባ ጎጆ ለ8 ሰዓት የሚተክል ድግምት አለ። ሰው እንዳይዋሽ የሚያግድ ድግምት አለ። በሽታን የሚያስወግድ አለ። ከሞተ 10 ቀን ያልሞላውን ሰው የሚያስነሣም አለ፤ የሚያስፈልገው 500 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ነው። የደከመና የቆሰለ ጀግና ደግሞ ያለ ምንም ድግምት 8 ሰዓት ካረፈ ጠዋት ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ይነሣል።

ጨዋታውን ማጣጣል አልፈልግም። ይህ ሁሉ መሣሪያ ለተጫዋቾች ትልቅ ደስታ ይሰጣል። አንዲት ትንሽ ድግምት ማንም ባላሰበው መንገድ ተጠቅመው ከከባድ ችግር ሲወጡ ጠረጴዛው በሳቅ ይሞላል፤ ብልሃት ጡንቻን ያሸንፋል። ዝናው ከሃምሳ ዓመት በላይ የዘለቀው በከንቱ አይደለም። ሆኖም ዝርዝሩን መልሳችሁ ስታነቡ አንድ ነገር ይገለጥላችኋል። ምግብ፣ መጠለያ፣ ፈውስ፣ እውነት፣ ሞት፤ እነዚህ አምስቱ በተራ ሰው ሕይወት ውስጥ አንዱን ከሌላው ጋር የሚያስተሳስሩ ጉዳዮች ናቸው። የምንበላው ሌላ ሰው ስላረሰ ነው። የምንጠለለው ሌላ ሰው በሩን ስለከፈተ ነው። እውነቱን የምናውቀው አንድ ሰው አምኖን ስለነገረን ነው። ድግምቱ ችግሩን ሲፈታ ገመዱንም አብሮ ይፈታዋል። ከጥቂት ወራት ጨዋታ በኋላ ጀግኖቹ ማንም የማያስፈልጋቸው ሰዎች ይሆናሉ። መንደሩ ገብተው የሚወጡበት መድረክ፣ መንደርተኛው የሚያዳንቅ ሕዝብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ያስተዋሉ ተራኪዎች አስማቱን ለመቀነስ ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በክልከላ ነው። «በእኔ ጠረጴዛ ድግምተኛ መሆን አይቻልም» ይላሉ፤ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ይተዉታል። የሚሆነው ግልጽ ነው። ጨዋታው የተሠራው በየቀኑ ብዙ ውጊያ እንዲኖርና ድግምተኛው ቁስሉን እንዲሽር ተደርጎ ነው። ፈዋሹን አውጥቶ ውጊያውን መተው መድኃኒት ቤቱን ዘግቶ ወረርሽኙን እንደ መተው ነው። ተጫዋቾቹ አንድ ጊዜ ይዋጋሉ፤ ከዚያ አንድ ሳምንት አልጋ ላይ መተኛት አለባቸው፤ ሁለተኛ ጊዜ ይዋጋሉ፤ ይሞታሉ። ከዚህ በኋላ «አስማት የሌለበት ዓለም አሰልቺ ነው» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ያሰለቻቸው የአስማቱ መጉደል ሳይሆን በቦታው ምንም አለመተካቱ ነው።

የአምስተኛው እትም አዘጋጆች ለተራኪው ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ የሚረዳ አንድ አማራጭ ሕግ አስቀምጠዋል። በእሱ መሠረት አጭሩ ዕረፍት 8 ሰዓት፣ ረጅሙ ዕረፍት ደግሞ ሙሉ 7 ቀን ይሆናል። የሰዓት ለውጥ ብቻ ይመስላል፤ ግን ቁስለኛ ሰባት ቀን የሚተኛበት ቤት ያስፈልገዋል፤ ቤት ካስፈለገ ባለቤት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪዩቢክል 7 የተባለው አሳታሚ «አድቬንቸርስ ኢን ሚድል ኧርዝ» በሚል ርዕስ እነዚሁኑ ሕጎች ወደ ቶልኪን ዓለም ሲያመጣቸው በዚህ መንገድ ገፋበት። ድግምተኞቹን ሁሉ አስወጥቶ በምትካቸው ስድስት የሙያ ዓይነቶችን አስገባ፤ ከእነሱም መካከል ዐዋቂና ፈዋሽ የሚሆን ምሁር አለ። በጉዞ ላይ ሳሉም ጸጥ ያለ፣ ምቹና ከአደጋ የራቀ ስፍራ ካላገኙ ሙሉ ዕረፍት እንደማያገኙ ደነገገ። ተጓዡ የሰው ደጅ እንዲያንኳኳ ተገደደ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ግን «ዘ ዋን ሪንግ» የተባለው ጨዋታ ነው። ፍራንቼስኮ ኔፒቴሎ እና ማርኮ ማጂ ያዘጋጁት የመጀመሪያው እትም በ2011፣ የስዊድኑ ፍሪ ሊግ ያሳተመው ሁለተኛው እትም ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ወጣ። ይህ ጨዋታ ከሌላ ጨዋታ ላይ አስማትን የቀነሰ አይደለም፤ ከመነሻው ያለ እሱ የታቀደ ነው። የሁለተኛው እትም መሠረታዊ መጽሐፍ ለተጫዋች የሚያቀርባቸው ስድስት ጥሪዎች አሉ፦ መሪ፣ ተዋጊ፣ መልእክተኛ፣ ሊቅ፣ ሀብት ፈላጊ እና ጠባቂ። በስድስቱም ውስጥ አስማተኛ የለም።

በምትኩ ምን አስገባ? መንገድን አስገባ። ጉዞ በዚህ ጨዋታ «ሦስት ቀን ሄዳችሁ ደረሳችሁ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አንዱ መንገድ ይመራል፣ አንዱ ያድናል፣ አንዱ ዘብ ይቆማል፣ አንዱ ቀድሞ ይሰልላል። እያንዳንዱ ሥራ የአንድ ሰው ኃላፊነት ስለሆነ፣ የአንዱ ስንፍና የሁሉ ረሃብ ይሆናል። ድካም በጉዞው ላይ ይጠራቀማል። ያገኙት ሀብት እንኳ ክብደት አለው፤ ወርቁን የተሸከመ ጀግና ፈጥኖ ይዝላል። ቁስል ለመዳን ቀናት ይፈጃል። የሞተ አይነሣም፤ ነገር ግን በሕይወት ያለ ጀግና ወራሽ ማሳደግ ይችላል፤ እሱ ሲወድቅ ወራሹ ከትጥቁ ጋር ሥራውን ይረከባል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት ነገሮች ይቆጠራሉ፦ ተስፋ እና ጥላ። ጀግናው ከአቅሙ በላይ መሥራት ሲኖርበት ከተስፋው ይከፍላል። የሚያስፈራ ነገር ሲያይ፣ በሀብት ሲጎመጅ፣ ክፉ ሥራ ሲሠራ ጥላው ያድጋል። ከፍርሃት የሚመጣውን ጥላ በዳይስ ሊቋቋመው ይሞክራል፤ ራሱ ፈቅዶ በሠራው ክፋት የመጣውን ግን መከላከያ የለውም። ጥላው ተስፋውን የደረሰበት ቀን ጀግናው የመከራ ሰው ይሆናል። ተስፋውን የሚያድሰው ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ያለው ኅብረት ነው፤ ኅብረቱ በሕጉ ውስጥ የሁሉም የጋራ ቋት ሆኖ ተቀምጧል።

ልዩነቱ በአንድ ምሳሌ ይታይ። አራት መንገደኞች በብርድ ወራት ተራራ እያቋረጡ ነው። አንደኛዋ እግሯን በቀስት ተመታለች። ቅርብ ያለው መንደር የሦስት ቀን መንገድ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ አንዱ «ቁስሏን እፈውሳለሁ» ይላል፤ ሌላው «ፍሬዎቹን አወጣለሁ» ይላል፤ ሦስተኛው «ጎጆውን እተክላለሁ» ይላል። ሦስት ዓረፍተ ነገር። ተራኪው «ነጋ» ይላል፤ ታሪኩ ይቀጥላል።

በሁለተኛው ጨዋታ ግን ንግግር ይጀመራል። ማን ይሸከማት? እሷን የሚሸከመው ከዋሻው ያወጣውን ወርቅ ሊጥል ነው? አዳኙ በበረዶ ውስጥ ምን ሊያገኝ ይችላል? «ተዉኝና ሂዱ» ብትልስ፣ የምትለው ከልቧ ነው ወይስ አትተዉኝ ማለቷ ነው? መንደሩ ሲደርሱ ደግሞ ባለፈው ወር ሲያልፉ አንዱ ለመንደሩ ሽማግሌ የዋሸው ውሸት አለ፤ አሁን በዚያው ደጅ ቆመው «አስጠጉን» ሊሉ ነው። የሐበሻ ብሂል «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። በመጀመሪያው ጠረጴዛ ሎሚው ስለማይከብድ ሃምሳ ሰው አያስፈልግም። በሁለተኛው ግን ሸክሙ ራሱ ሰውን ይጠራል።

ይህ ማለት በ«ዘ ዋን ሪንግ» ዓለም ድንቅ ነገር የለም ማለት አይደለም። ድንቅ አለ፤ ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውም በገንዘብ አይተመንም። የጨዋታው አዘጋጆች ይህን የተማሩት ከቶልኪን ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. መታተም በጀመረው «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ውስጥ ጓደኛሞቹ በተራራ ላይ በበረዶ ማዕበል ሊያልቁ ሲሉ ጋንዳልፍ እርጥብ እንጨት በአንድ ቃል ያነድዳል። ወዲያው ግን ያቺ ነበልባል ማን መሆኑን ለሩቅ ተመልካች ሁሉ እንደገለጠችበት ይናገራል። ቅዝቃዜውን አስታገሠ፤ መደበቂያውን አጣ። ጋንዳልፍ በየገጹ እሳት ቢያነድድ ኖሮ ይህቺን አንዲት እሳት ማን ያስታውሳት ነበር?

ይህ ዓይነቱ አተራረክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ንና የ28ን መጀመሪያ እንደ ታሪክ አተራረክ አንብባችሁት ታውቃላችሁ? ጳውሎስ በመርከብ ላይ ነው፤ ከእሱ ጋር በጠቅላላው 276 ነፍስ አለ። ማዕበሉ በአንድ ቃል አይቆምም። በሌሊት መልአክ ለጳውሎስ ማንም እንደማይጠፋ ነግሮታል፤ ተስፋው ተሰጥቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግን የእጅ ሥራ ነው። መርከበኞቹ ጥልቀቱን ይለካሉ፤ አራት መልሕቅ ይጥላሉ፤ ጳውሎስ ሰዎቹ እህል እንዲቀምሱ ይለምናቸዋል፤ እንጀራ ይቈርሳል። በመጨረሻም መርከቡ ይሰበራል፤ ዋናተኛው እየዋኘ፣ ሌላው በሳንቃ ላይ ሆኖ ወደ ምድር ይወጣል። በደሴቲቱ ላይ እሳት አንድደው የሚቀበሏቸውም የማያውቋቸው የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ ጳውሎስ ራሱ ጭራሮ ይለቅማል። እፉኝቷ የምትወጣው ከዚያ ጭራሮ ውስጥ ነው። ድንቁ የመጣው እጆቹ እንጨት ሲሸከሙ ነው። ሉቃስ ይህን ሁሉ ዝርዝር የጻፈው ተአምር ጎድሎበት አይደለም። የመርከበኛው ሙያ፣ የእንጀራው ቁራሽና የባዕዱ እሳት በታሪኩ ውስጥ ቦታ ስላላቸው ነው።

እንግዲህ ወደ «አስማት» ቃል ልመለስ። ጨዋታው በተወለደበት አገር ለብዙ ወጣቶች አስማት ከተረት መጽሐፍ የሚያውቁት ነገር ነው። በእኛ አገር ግን ክታብ ያሰረ ዘመድ፣ ጠንቋይ ቤት የተመላለሰ ጎረቤት የማያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ቃሉ በጆሯችን እኩል አይደለም፤ እኩል እንዲሆን መጠየቅም ተገቢ አይመስለኝም። ቤተሰቡ ከእንዲህ ዓይነት እስራት የወጣ ወንድም «በጨዋታም ቢሆን ደገምኩ አልልም» ቢል ጠረጴዛው ለእሱ ይሰፋለታል እንጂ እሱ ለጠረጴዛው አይጠብም። አስማት ብርቅ የሆነበት ጨዋታ አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፤ ማንም ሳይገለል መቀመጥ ይቻላል።

ሆኖም ቃሉን ብቻ ፈርተን ነገሩን እንዳንስተው። የጥንቆላ ቤት ዋና ጠባዩ ጭሱና ከበሮው አይደለም፤ «ይህን ክፈል፣ ያን ታገኛለህ» የሚለው ስምምነት ነው። በሰማርያ የነበረው ሲሞን የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ለመግዛት ብር ይዞ የመጣው ከዚሁ ልማድ ነው። ከዚህ አንጻር በ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ውስጥ የሚያሳስበኝ የአጋንንቱ ሥዕል ሳይሆን ያ 500 ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ነው። ሞት እንኳ የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ይህ አስተሳሰብ ደግሞ ድግምት የሚባል ቃል በሌለበት ቦታም ሊገኝ ይችላል። «ይህን ያህል ጾሜአለሁ፣ ስለዚህ ይህ ይገባኛል» ብለን ስንጸልይ፣ ወይም ጓደኛችን ሲታመም ከመጠየቅ ይልቅ ፈጣን ቃል ፍለጋ ስንሮጥ፣ ያው የዋጋ ዝርዝር በእጃችን አለ።

«ዘ ዋን ሪንግ»ም ቢሆን እንከን አልባ አይደለም። የመጀመሪያው ድክመቱ ከጥንካሬው የወጣ ነው። ተስፋን በቁጥር ማስቀመጡ ድንቅ አሳብ ነው፤ ነገር ግን የሚቆጠር ነገር ቶሎ ሳንቲም ይሆናል። የለመዱ ተጫዋቾች «ሦስት ተስፋ ቀርቶኛል፣ አንዱን ላውጣው» ማለት ሲጀምሩ፣ አልማዙን ያባረረው ጨዋታ በሌላ በር ቦርሳ ይዞ ገብቷል። ተራኪው «ተስፋ አወጣሁ» ያለውን ተጫዋች «ምን ትዝ ብሎህ ነው?» ብሎ ካልጠየቀው፣ ቃሉ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው የሒሳቡ ብዛት ነው። ድካሙ፣ ሸክሙ፣ ቁስሉ፣ ጥላው ሁሉ ይመዘገባል፤ ለአዲስ ተጫዋች የመጀመሪያው ምሽት የንብረት ቆጠራ ሊመስለው ይችላል።

ሦስተኛው ይከብዳል። ጨዋታው ጀግኖቹ በሚዋሹት ውሸት ጥላ ይቆጥርባቸዋል፤ በጠላትነት የተፈረጁትን ኦርኮች ሲገድሉ ግን በተለመደው ውጊያ ምንም አይቆጥርባቸውም። ጎረቤትን በጥንቃቄ የሚያሳይ ዓይን ጠላትን በጅምላ ያያል። ይህ ከቶልኪን የተወረሰ ችግር ነው፤ እሱም ስለ ኦርኮች አመጣጥ በሕይወቱ ዘመን ሁሉ እርግጠኛ መልስ ላይ አልደረሰም። በዘርና በወገን ተፈራርጆ መገዳደል ተረት ባልሆነበት አገር ለምንኖር ወጣቶች ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ጠላት ስም ይኑረው፤ የሚፈልገው ነገርም ይኑረው። መዋጋት ቢኖርባችሁ እንኳ ማንን እንደምትዋጉ እወቁ።

ተራኪ መሆን ለምትፈልጉ፣ ጨዋታችሁ የትኛውም ቢሆን፣ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። ከመከልከል አትጀምሩ። አስማት በጨዋታው የሚሠራቸውን ሥራዎች በወረቀት ዘርዝሩ፤ ምግብ፣ መጠለያ፣ ፈውስ፣ እውነት፣ ሞት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ሰው ስጡ። ፈውሱን በአካባቢው ለምትታወቅ አንዲት ወጌሻ ስጡ፤ ስም አውጡላት፤ ከማን ጋር እንደተጣላች ወስኑ። እውነቱን ለማወቅ ድግምት በነበረበት ቦታ አንድ የሚፈራ ምስክር አስቀምጡ። መጠለያውን ሦስት ልጆች ላሏት፣ አንድ እንጀራ ለቀራት ሴት ስጡ። ውጊያውን ቀንሱ፤ ዕረፍቱን አርዝሙ፤ ወቅቶች ይለዋወጡ።

ድንቅ ነገርንም ፈጽማችሁ አታጥፉ። በረጅም ጨዋታ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ማንም ያልጠበቀው ነገር ይሁን። ሲሆን ግን ለጀግኖቹ ብልሃት የተከፈለ ደመወዝ አይሁን፤ ሊጠሩትና ሊያዙት የማይችሉት ይሁን። ይህንንም ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ለተጫዋቾቻችሁ ንገሯቸው። በመሃል መንገድ የሰውን መሣሪያ መንጠቅ ፍርድ ማጉደል ነው፤ አስቀድሞ የተስማማ ግን ችግሩንም በደስታ ይቀበለዋል።

አስማት የበዛበትን ጨዋታ የሚወድ ሁሉ ተሳስቷል አልልም፤ ለአንድ ምሽት ሳቅና ብልሃት እሱም ይበቃል። የምለው ይህን ነው፦ ለወራት አብረውን የሚኖሩ ታሪኮች ሳናውቀው ያለማምዱናል። ማንም የማያስፈልገው ጀግና መሆንን ደጋግሞ የተለማመደ ወጣት፣ በማያስፈልገው ሰው ፊት ምን እንደሚያደርግ አልተለማመደም። ሸክም መከፋፈልን፣ ደጅ ማንኳኳትን፣ ቁስለኛን መጠበቅን የተለማመደ ግን ጠረጴዛው ከተነሣ በኋላም የሚጠቅመው ነገር ይዞ ይሄዳል።

የራሳችሁን ጨዋታ መመዘን ብትፈልጉ መለኪያው ቀላል ነው። ከስድስት ወር በኋላ ተጫዋቾቻችሁን የገደሏቸውን ጭራቆች ስም አትጠይቋቸው፤ ያበሏቸውን ሰዎች ስም ጠይቋቸው። ሦስት ስም ከጠሩላችሁ ጨዋታችሁ ሰው አለው።